ለዘጌ ሰው ቡና መላክ

ጅቡቲ ወደብ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ እናትዓለም፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የኪዳነ ምሕረት ጥላ ከላይዎ አይነሣ። ጎረቤትዎ ውዴስ ጉልበቷን ተሻላት? የቡርሀን ጀልባስ አዲሱ ሞተር ተገጠመላት?

እንግዲህ መርከቧን አየኋት። እቴቴ፣ የቡርሀንን ጀልባ የምታህል እንዳይመስልዎት። የዘጌን ገበያ ከነሰዉ አንስተው ቢያስቀምጡባት ገና ቦታ ይተርፋታል። የእኔ ሥራ ከታች ሞተር ክፍል ነው፤ ሰማይም ውኃም አይታይም፣ ሙቀትና ጩኸት ብቻ ነው። ተለማማጅ መሐንዲስ ይሉኛል፤ እስካሁን የሠራሁት ግን ዘይት መጥረግ ነው።

ዛሬ የጫንነው ቡና ነው። የጅማና የሲዳማ ነው አሉኝ። የእኛ የዘጌው እንደሌለበት እያወቅኩ ቆሜ አየሁት። ነገ ሞካ በምትባል የየመን ከተማ በኩል እናልፋለን። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ አለ፤ ወሬ ይወዳል። ቡና ከእኛ አገር ወደ የመን ተሻገረ፣ ሱፊዎቹ ለጸሎት እንዲያነቃቸው ይጠጡት ጀመር፣ ከዚያ ወዲያ የዓለም ነጋዴ ሁሉ ቡና የሚገዛው ከሞካ ነበር አለኝ። ደጃችን የበቀለው ነገር ይህን ያህል ተጉዟል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ውኃውን አይፍሩልኝ። ኮንትራቴ ዘጠኝ ወር ነው፤ ለመጪው ዓመት የቡና ለቀማ እደርሳለሁ። ምን ልላክልዎ?

ያሳደጉት ልጅዎ፣
ኪሩቤል


ዘጌ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኪሩቤል። ባለህበት ሁሉ የአቡነ በትረ ማርያም በትር ይደግፍህ፤ ማዕበሉን ጸጥ ያድርግልህ። እኔ ደኅና ነኝ። ውዴ ጉልበቷ እንደዚያው ነው፣ ምላሷ ግን ተሽሎታል። ቡርሀን ሞተሩን ከገጠመ ወዲህ መሬት አይበቃውም።

ደብዳቤህን ከባሕር ዳር ፖስታ ቤት አምጥቶ የሰጠኝ እሱ ነው። ስልክ ሞክረህ ነበር አሉ። ኔትወርኩ ከጠፋ ሰነበተ፤ ቢኖርም ጆሮዬ ስልክ አይሰማልኝም። ይልቅ ጻፍልኝ። ወረቀት ደግሜ ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ የመሠረተ ትምህርት ልፋቴ ለዚህ ይሁነኝ።

አንተ ልጅ! "ውኃውን አይፍሩ" ትለኛለህ? በቀይ ባሕር መርከብ ይመታል እያለ ሬዲዮው ጧት ማታ ይለፈልፋል። ደግሞስ ሣህሉን፣ ባሌን፣ የወሰደው ይኸው ደጃችን ያለው ጣና አይደለም? ቡና በታንኳ ጭኖ ለባሕር ዳር ገበያ ሲሻገር ነፋስ ተነሣ። ጆንያው ዳር ወጥቶ ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። አንተ ያኔ አልተወለድህም። ስለዚህ መርከብ ላይ ልሠራ ነው ያልኸኝ ዕለት ለአቡነ በትረ ማርያም ስለት ገባሁ። በሰላም ተመልሰህ እግርህ የዘጌን መሬት እስኪረግጥ ነው ስለቱ። ምን እንደ ተሳልሁ አትጠይቀኝ፤ ስለት ሳይደርስ አይወራም።

የሽማግሌውን ወሬ ለቡርሀን ብነግረው ደረቱን ነፋ። "ታዲያስ! ቡናን ለዓለም ያስተማሩት የእኛ ሼሆች ናቸው" አለኝ። "ሂድ ወዲያ!" አልሁት፤ "አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። አትረሱ፣ ከብት አታርቡ፣ በዚህ ኑሩ ብለው ሰጡን። ይኸው እስከ ዛሬ በሬ ሳንጠምድ እንኖር የለም ወይ?" ስንከራከር ጀልባዋ ዘገየች፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሰደበን።

ምን ልላክ ላልኸው ምንም አልፈልግ። ቡና እንዳትልክ ደግሞ! ለዘጌ ሰው ቡና መላክ ለጣና ውኃ መላክ ነው። እኔ የምፈልገው ወሬ ነው። በደረስህበት አገር ሁሉ ቡናውን እንዴት እንደሚጠጡት፣ ምን ምን እንደሚል፣ አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ።

እናትህ የእህቴ ልጅ ብቻ አልነበረችም፣ ጓደኛዬም ነበረች። አደራዋ ነህና ራስህን ጠብቅ።

እናትዓለም


ሱራባያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ይህ ሲደርስዎ ትንሣኤ አልፎ ይሆናልና ካሁኑ እንኳን አደረሰዎ እላለሁ። አይስጉ፣ ቀይ ባሕርን ትተነዋል። አሁን አፍሪካን በደቡብ ዞረን ነው የምንሄደው። መንገዱ ቢረዝምም የሚተኩስብን የለም።

ጻፍልኝ ባሉት መሠረት ይኸው። እዚህ ጃቫ ደሴት የቡናውን ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው የፈላ ውኃ ይገለብጡበታል። ስኳሩ ለንብ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ከዚያ አተላው እስኪወርድ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ መጠበቁን ማን ነግሮኝ? አንዴ ፉት ብዬ አፌ አሸዋ ሞላ፣ ባለሱቋ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። ሲረጋ ግን ይጣፍጣል። ወፍራም ነው፣ አፈር አፈር ይላል፣ ዝናብ እንደመታው የእኛ ጓሮ።

ሽማግሌው ደግሞ ይህን ነገረኝ። የየመን ነጋዴዎች ቡናው ሌላ አገር እንዳይበቅል ፍሬውን እየቀቀሉ ነበር አሉ የሚሸጡት። አንድ የህንድ ሐጂ ግን ጥቂት ፍሬ ሆዱ ላይ አስሮ አሻገረ። ሆላንዶች ወደዚህ ወደ ጃቫ አመጡት። ከጃቫ ችግኝ ወደ አውሮፓ ሄደ። ከአውሮፓ አንድ ፈረንሳዊ አንዲት ችግኝ ይዞ ወደ አሜሪካ ደሴቶች በመርከብ ሲሻገር መንገድ ላይ ውኃ አነሰ። ለየሰው በጥቂት በጥቂቱ ሲታደል ሰውየው የራሱን ድርሻ ለችግኟ አጠጣ። እሱ ተጠምቶ እሷ ዳነች። በዚያ ምድር ያለው ቡና ብዙው የእሷ ልጅ ነው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት አላውቅም፤ ሥራዬን ጨርሼ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ግን ሰውየው ትዝ ይለኛል።

አይላክ ቢሉኝም አንድ እሽግ ቡና ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ባልደረባዬ ሰጥቻለሁ። ለጣናም ቢሆን የሩቅ አገር ውኃ ይድረሰው። ቀምሰው ይንገሩኝ።

ልጅዎ ኪሩቤል


ዘጌ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኪሩቤል። እመቤቴ እንደ ዓይን ብሌን ትጠብቅህ።

ያንን ደብዳቤ ምን ብለህ ነው የጻፍኸው? ውዴ እያስደገመች ስታስነብበኝ ዋለች፤ ፈረንሳዊው ጋ ስንደርስ ታለቅሳለች፣ አንተ አሸዋ የጠጣህበት ላይ ትስቃለች። ነፍሱን ይማረውና ያ ሰውዬ የተሳለ ሰው ነው የሚመስለኝ። ሰው ለሚወደው ሲል ከጉሮሮው ይነጥቃል፤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እኔም አንድ ላውጋህ። ቅድመ አያቴ በዚሁ ጫካ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም፣ ስታሰጣ፣ ስትፈትግ ኖራ አንድ ስኒ ሳትቀምስ ሞተች። ያኔ ለክርስቲያን ነውር ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር። የእኛ ሰው ለቅሞ ይሸጣል፣ የቡርሀን ሰዎች ገዝተው ይጠጣሉ። ዛሬ ቡርሀን "መጠጣቱን ያስተማርናችሁ እኛ ነን" እያለ ያናድደናል፤ እውነቱን ነው መቼስ። እንግዲህ እሷ ዕድሜ ልኳን ከቻለች የሰው ልጅ ይችላል ማለት ነው።

እሽጉ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥህ፣ እልኸኛ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጨዋለሁ። ከጃንሆይ ፎቶ አጠገብ ጉብ ብሏል። በፊት በፊት ራሴን ክፉኛ ይወቅረኝ ነበር፤ አሁን ለቆኛልና አታስብ።

ዘጠኝ ወርህ እኮ ሞላ! መቼ ነው የምትመጣ? ዘንድሮ ዛፉ ይዟል። ቅርንጫፉ ጎንበስ ጎንበስ ብሏል፤ ያለ አንተ አልችለውም።

እናትዓለም


ትሪየስቴ፣ ጣሊያን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ፣

ለኅዳር ሚካኤል በሰላም ያድርስዎ። ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድ ሰነበትኩ። ኮንትራቴ አልቋል። ኩባንያው ግን እዚህ ስልጠና ሰጥቶኝ አራተኛ መሐንዲስ አድርጎ ሌላ መርከብ ላይ መደበኝ። እንዲህ ያለ ዕድል አንዴ እምቢ ከተባለ አይመለስም አሉኝና እሺ አልኩ። ስለዚህ ለለቀማው አልደርስም። የውዴን ልጅ ገድሉን ይለምኑልኝ። እርስዎ ጠንካራ ነዎት፣ ቡናዎን እየጠጡ ይጠብቁኝ።

ትሪየስቴ የቡና ከተማ ናት፤ ወደቧ ቡና ሲያራግፍ ነው የኖረው። ነገር ግን ቆመው ነው የሚጠጡት! ስኒዋ የእንቁላል ቅርፊት ታህላለች። አንዴ ግልብጥ አድርገው፣ አፋቸውን ጠርገው ይሮጣሉ። ጎረቤት አይጠሩ፣ ሁለተኛ የለ፣ በረካ የለ። ውዴ ብታይ ሰዎቹ ተጣልተዋል ብላ ታስታርቃቸው ነበር። ቡናው ራሱ ጥቁር ነው፣ መራራ፣ ግንባር ይመታል።

ከአንድ ሱቅ የምታምር ጣሳ ገዝቼ ልኬልዎታለሁ። ጽሑፉን ማንበብ ባልችልም የተሣለባት የቡና ስኒ ነው። እንዴት እንደሆነች ይጻፉልኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣
ኪሩቤል


ዘጌ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኪሩቤል። እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ደኅና ነን።

ለቀማው አልቋል። ገድሉ ረዳኝ። ከአጥሩ ጥግ ያለችው፣ ልጅ ሆነህ የተከልሃት ዛፍ ዘንድሮ ደኅና አድርጋ ሰጠች። የእሷን ለብቻ ለቅሜ ለብቻ አስቀምጫለሁ።

ዕድል ከሆነ መልካም ነው።

የጣሳው ቡና ደርሷል። ጥሩ ቡና ነው። አቦሉ ወፈር ያለ ነው፣ ሽታውም ደኅና ነው። ውዴም ወድዳዋለች።

ዓይኔን ስለደከመኝ ነው ያሳጠርሁት።

እናትዓለም


ሳንቶስ፣ ብራዚል፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎ አጭር ነበረች፤ ማኩረፍዎን ከቁመቷ አወቅኩ። ቢያኮርፉም አልፈርድብዎትም።

ያ ፈረንሳዊ ውኃውን የሰጣት ችግኝ ዘመዶች አገር ደርሻለሁ። እዚህ ቡና ከሩቅ ሲያዩት ሣር ነው የሚመስለው፤ ተራራው ሁሉ እሱ ነው። ብዙ ቦታ የሚለቅመው ማሽን ነው። ዛፉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይቆማል እንጂ እንደ እኛ ከዋርካና ከዋንዛ ሥር አይደበቅም። ለአንድ የወደብ ሠራተኛ ስለ ዘጌ ነገርኩት፣ በሬ የማይጠመድበት አገር ብዬ፣ እርስዎ ለቀማ ላይ የተነሡትን ፎቶም አሳየሁት። "እንግዲያ የእኛ ቡና አያት እሳቸው ናቸው" አለና ሌላ ስኒ ቀዳልኝ። እዚህ እንግዳ ትንሽ ስኒ ሳይቀዳለት አይሄድም፤ በዚህስ የእኛን ሰው ይመስላሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከትሪየስቴ ያችን ጣሳ ስገዛ ለራሴም አንድ ይዤ ነበር። ባለፈው ጣሊያንኛ የሚያውቅ ባልደረባዬ አየውና በሳቅ ፈረሰ። እቴቴ፣ ቡና አይደለም። የተቆላ ገብስ ነው! ሐኪም ቡና የከለከላቸው ሰዎች የሚጠጡት ነው። እርስዎ ደግሞ "አቦሉ ወፈር ያለ ነው" ብለው ጽፈውልኛል። ገብስን ከቡና የማይለይ የዘጌ ሰው አለ ይሉኛል? ጣሳውን አልከፈቱትም። የጃቫውንም የከፈቱት አይመስለኝም።

ሐኪም ከለከለዎት? ታመዋል? እኔ እዚህ ስለ ቡና ስዘባርቅ እርስዎ ምን ደብቀውኛል? እንደ ልጅነቴ አይቁጠሩኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።

ኪሩቤል


ዘጌ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለኪሩቤል።

ደብዳቤህ ሰኔ ላይ ነው የደረሰኝ። ዝም ያልሁት አፍሬ ነው። ገብስ! በስመ አብ! ውዴ ስትሰማ በሳቅ ተንከባለለች። ከፍተን ብናሸተው እውነትም በሶ በሶ ይላል። ስለ ውሸቴ ለንስሐ አባቴ ለአባ መርስዔ ኀዘን ተናገርሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሲሰጡኝም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነው።

ሐኪም አልከለከለኝም። ጤነኛ ነኝ። ስለቱ ነው፣ ልጄ።

የሄድህ ዕለት "በሰላም መልሰህ እግሩን ዘጌ እስክታስረግጥልኝ ድረስ ቡና በአፌ አይዞርም" ብዬ ተሳልሁ። ምን ልስጥ ታዲያ? ወርቅ የለኝ፣ ከብት የለኝ። ከአንተ ቀጥሎ የምወደው እሱን ነው። የማትወደውን ነገር መሳል ደግሞ ስለት አይባልም። መጀመሪያ ላይ ራሴ ሊፈነዳ ነበር፤ ጎረቤቱን ሁሉ ያለ ነገር እቆጣ ነበር። ዛሬም ቡና ጠጡ ሲሉኝ እሄዳለሁ። ቁጭ ብዬ ወሬ እጠጣለሁ፣ ስኒዬን ውዴ ትጠጣልኛለች። እንቅልፍ አጣሁ የምትለው ለዚያ ነው።

ደብዳቤህ ሲመጣ ግን የእኔም ቡና ደረሰ እላለሁ። የጃቫውን አተላው እስኪወርድ ጠብቄ ጠጥቻለሁ። የትሪየስቴውን ቆሜ ጠጥቻለሁ። እንዴት እንደሚጠጡት ጻፍልኝ ያልሁህ ለምን መሰለህ?

ስለት ሳይደርስ አውርቻለሁና አንተም ጸልይበት።

እናትዓለም


ሃምቡርግ፣ ጀርመን፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ሞተር ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ጮኼ አለቀስኩ፤ ከሞተሩ ጩኸት ማንም አልሰማኝም። ይህን ሁሉ ጊዜ በጾመኛ ፊት እንደሚበላ ሰው ሆኜ ኖሬአለሁ። ለምን አልነገሩኝም? ቢነግሩኝ ኖሮ ያኔ ከትሪየስቴ እመለስ ነበር።

አሁን ሦስተኛ መሐንዲስ ሊያደርጉኝ ነው። አንድ ዓመት ጨምሬ እንድሠራ ውሉ ተዘጋጅቶ ፊርማዬን ይጠብቃል። እባክዎ አባ መርስዔ ኀዘንን ይጠይቁልኝ፤ ስለቱን በሌላ ይለውጡልዎት። ጃንጥላ ካሉኝ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ ካሉኝ ምንጣፍ እገዛለሁ። እርስዎ ግን ዛሬውኑ ቡናዎን ይጠጡ።

ኪሩቤል


ዘጌ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኪሩቤል። የእናቶች አምላክ ይከተልህ።

አባን ጠየቅኋቸው። "አረጋዊት ነሽ፣ ይለወጥልሻል" አሉኝ። እምቢ አልሁ። ጃንጥላ ለታቦት መልካም ነው። ነገር ግን እኔ ስኒውን እምቢ ባልሁ ቁጥር ስምህን አነሣለሁ፤ "አምላኬ፣ ኪሩቤልን" እላለሁ። ጃንጥላ ሰጥቼ ብገላገል በምን ላነሣህ ነው?

ውሉን ብትፈርም አልቀየምህም። ለፍተህ የደረስህበት ነው፤ ከላይህ ላይ እንደ ገመድ መንጠልጠል አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ካልነገርሁህ ሆዴ ይፈነዳል። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። የምፈራው ቡና ሳልጠጣ መሞትን አይደለም፣ አንተን ሳላይ መሞትን ነው። ይኸው ተናገርሁት።

ዛፍህ ዘንድሮም ይዛለች።

እናትዓለም


ባሕር ዳር፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጀልባው መነሻ

እቴቴ፣

አልፈረምኩም። ባሕር ዳር ነኝ!

እየሮጥኩ ስደርስ የቡርሀን ጀልባ በሰውና በጆንያ ሞልታለች። አንድ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ለመንኩት። "ወላሂ አልጨምርም" አለኝ። "ይልቁንም አንተን! እናትዓለም ይህን ያህል ጠብቃህ በመጨረሻዋ ሰዓት ከእኔ ጀልባ ላይ ውኃ ይውሰድህ? ነገ ጧት ውኃው ተኝቶ ሳለ መጀመሪያ የማሻግር አንተን ነው።" ዓለምን ዞሬ መጥቼ ጣና አቃተኝ። እንግዲህ ይህችን ቁራጭ ወረቀት ይዞልኝ ይሂድ።

ሌላ መርከብ ይገኝ አይገኝ አላውቅም፤ ከጥምቀት በኋላ እናስብበታለን። ዛሬ ፔዳ ሰፈር ጓደኛዬ ግሩም ዘንድ አድራለሁ። ቡና ላስፈላልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት።

ኪሩቤል


ዘጌ፣ ጥር 5 ቀን፣ ጧት

ይድረስ ለልጄ ለኪሩቤል። ሰላምታውን ስትወርድ እሰጥሃለሁ።

ቡርሀን ትቶህ እንደ መጣ ስሰማ ልገድለው ምንም አልቀረኝ። ነገሩን ሲያስረዳኝ ግን እጁን ሳምሁት።

ለብቻ ያስቀመጥሁትን የዛፍህን ቡና ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ ቆላሁት፣ ወቀጥሁት፣ አፈላሁት። ቤት እስክትገባ አልጠብቅም። የተሳልሁት እግሩ መሬት እስኪረግጥ ብዬ ነው፣ ደጄን እስኪያልፍ አላልሁም። ፔርሙሱን ይዤ ወደቡ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ። የትሪየስቴ ሰዎች ቆመው ይጠጣሉ አላልኸኝም? እኔም ቆሜ ነው የምጠጣው። ውዴ ስኒዎቹን ይዛለች፤ የእኔን ዛሬ አትነካትም። አባ መርስዔ ኀዘንም እመጣለሁ ብለዋል፣ ለምስክር ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ቡናውን ፈልገው ይመስለኛል።

ስትወርድ ቀኝ እግርህን አስቀድም።

ቡርሀንን ቀስ ብለህ ንዳ በለው። ደግሞም ቶሎ በል በለው፤ ፔርሙሱ አሮጌ ነው፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

እናትዓለም